የቀድሞ ዘመን ሙስታንግ ሞተር ቀለም እንዴት ይመረጣል?

የቆየ መኪና ሲታደስ የሞተሩ ቀለም ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻ ይገፋና ባለቤቱ ደስ ያለውን እንዲመርጥ ይተዋል። ይሁን እንጂ ፋብሪካዎች ሞተር የሚቀቡት በተወሰነ ደንብ መሠረት ነበር፤ ደንቡም እንደ አምራቹ፣ እንደ ሞዴሉ ዓመትና እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያይ ስለነበር፣ ትክክለኛውን ቀለም ከመግዛት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። የሼቭሮሌት ቪ-8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተሮች ለረጅም ዓመታት ብርቱካናማ ስለነበሩ፣ የፎርድ ሞተር በዚያው ቀለም ተቀብቶ መታየቱ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ስህተት ነው። ጉዳዩን በግልጽ ለማሳየት የመጀመሪያዎቹን የፎርድ ሙስታንግ መኪናዎች እንመልከት።

ሙስታንግ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1964 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ 1965 ሞዴል ማብቂያ ድረስ የሞተሩ ብሎክና ቴስታታ ጥቁር ይቀቡ ነበር። የቫልቭ ክዳኑና የአየር ማጣሪያው ቤት ግን በ289 ቪ-8 ሞተሮች ላይ (289 በኪዩቢክ ኢንች የተለካ የሞተሩ መጠን ነው) ወርቃማ፣ በስድስት ሲሊንደሮቹ ላይ ደግሞ ቀይ ነበሩ። 271 የፈረስ ጉልበት የነበረው ልዩ 289 ሞተር የሚለየው በክሮም በተለበጡ የቫልቭ ክዳኖቹ ነው። በ1966 ሞዴል ይህ አቀባብ ቀርቶ፣ ከዚህ ልዩ ሞተር የክሮም ክዳኖች በስተቀር፣ ሞተሮቹ ከነክዳናቸው የፎርድ ሰማያዊ ሆኑ። እንግዲህ ከውጭ ለማያውቃቸው ሰው የሚመሳሰሉ ሁለት መኪናዎች፣ የአንድ ዓመት ሞዴል ልዩነት ብቻ ስላላቸው ኮፈናቸው ሲከፈት ፈጽሞ የተለየ መልክ ይኖራቸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሞዴሉን ዓመት ማረጋገጥ ነው። በዚህ ረገድ የባለቤትነት ደብተር ላይ ብቻ መተማመን አይገባም፤ የአሜሪካ መኪና የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ከጃንዋሪ ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ በ1965 መጨረሻ ወራት የተሠራ ሙስታንግ የ1966 ሞዴል ነው። የሻንሲ ቁጥሩ የመጀመሪያ አኃዝ 5 ከሆነ መኪናው የ1965 ሞዴል ነው፤ በ1964 ጸደይ የተሸጡትም የሚቆጠሩት በዚሁ ነው። 6 ከሆነ ደግሞ የ1966 ነው። አምስተኛው ምልክት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሞተር የሚያመለክት ፊደል ሲሆን፣ ለምሳሌ በ1965 እና በ1966 ሞዴሎች ቲ 200 ስድስት ሲሊንደሩን፣ ሲ ባለሁለት በርሜል (ባለሁለት ጉሮሮ) ካርቡራተር ያለውን 289፣ ኬ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰውን ባለ 271 ጉልበት ሞተር ያመለክታል።

ከስድሳ ዓመት በኋላ ግን መኪናው ላይ ያለው ሞተር አብሮት የተወለደው ላይሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ በብሎኩ ላይ፣ በሞተሪኖው አካባቢ፣ ከብረቱ ጋር አብሮ የቀለጠውን የቀረጻ ቀን ይፈልጉ፤ ለማንበብ ሞተሪኖውን መፍታት ሊያስፈልግ ይችላል። ቀኑ የሚጻፈው በዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ፣ በወሩ ፊደልና በዕለቱ ቁጥር ነው። ወራቱ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቅደም ተከተል ከኤ ይጀምራሉ፤ አይ የሚባለው ፊደል ግን ከቁጥር አንድ ጋር ስለሚመሳሰል ተዘልሏል። ስለዚህ 5፣ ኬ እና 12 ማለት ኦክቶበር 12 ቀን 1965 ነው። ብሎኩ የተቀረጸበት ቀን መኪናው ከተገጣጠመበት ቀን በኋላ ከሆነ፣ ሞተሩ በሌላ ጊዜ እንደተለወጠ ያለጥርጥር ይታወቃል።

ከቁጥሮቹ ቀጥሎ የሚጠየቀው ምስክር በብረቱ ላይ የቀረው የድሮ ቀለም ነው። ፋብሪካው ሞተሩን የሚቀባው ከገጣጠመ በኋላ ስለነበር፣ ቀለሙ የጓርኒሲዮኖቹን ጠርዝ ጭምር ይሸፍን ነበር፤ ከቀለሙ በኋላ የተገጠሙ ዕቃዎች ማለትም የሞተር እግር መያዣዎችና የዲናሞው ማሰሪያ ደግሞ ከሥራቸው ያለውን ቀለም ከሙቀትና ከዘይት ጠብቀው ያቆዩታል። እነዚህን ሲፈቱ በሽቦ ብሩሽ አይጀምሩ፤ ብሩሹ ንብርብሮቹን በአንድ ላይ ያጠፋቸዋል። ቅባቱን በጨርቅና በናፍጣ ቀስ ብለው ያስለቅቁ፣ ከዚያም በስለት ጫፍ አንድ ትንሽ ቦታ ፋቅ አድርገው ከብረቱ ጋር የተጣበቀውን የታችኛውን ንብርብር ይመልከቱ። ሞተሩ ከዚህ በፊት ተፈትቶ በኬሚካል ከታጠበ የመጀመሪያው ቀለም ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ምንም ምልክት አለመገኘቱ ለማንኛውም ወገን ማስረጃ አይሆንም። ከተገኘ ግን፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳይቀባ እንዲቀር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ለሚቀጥለው ባለቤት ከፎቶግራፍ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ሞተሩ የተለወጠ ከሆነስ? በእኔ አመለካከት መኪናው የሚታየው እንደ አንድ ሙሉ ዕቃ ስለሆነ፣ የ1965 ሙስታንግ ውስጥ የገባ የ1968 ሞተር ጥቁርና ወርቃማ ቢቀባ ይሻላል፤ መለወጡን ግን ለገዢ በግልጽ መናገር ግዴታ ነው።

ቀለሙ ከታወቀ በኋላ የቀለሙን ትክክለኛ ድምቀት መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በአንድ ስም የሚሸጡ ሰማያዊዎች ከአምራች አምራች ይለያያሉ፤ የጣሳው ክዳን ቀለምም ሆነ የስልክ ስክሪን ላይ ያለ ፎቶ አያስተማምንም። የተጣለ የብረት ቁራጭ ወስደው በሞተሩ ላይ በሚጠቀሙት ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት በሚቀባ የመሠረት ቀለም) ይቀቡ፣ ከላዩ ቀለሙን ይርጩ፣ በደንብ ሲደርቅ በፀሐይ ብርሃን ከተገኘው የድሮ ቀለም ጋር ያስተያዩ። በተለይ ወርቃማው ከሥሩ ባለው ፕራይመር መልኩን ስለሚቀይር ያለ ሙከራ አይቀባ።

ለሞተር ተብለው የሚሸጡ ቀለሞች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 260 ዲግሪ ሴልሲየስ ይችላሉ፤ ይህ ለብሎክና ለቴስታታ በቂ ነው። የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱ ግን ከዚያ እጅግ ስለሚግል በብሎኩ ቀለም ከተቀባ ይቃጠላል፤ ፋብሪካው እንደተወው ባዶ ብረት ሆኖ ይቆይ፣ ዝገቱ ካሳሰበዎት እስከ 650 ዲግሪ የሚችል የብረት መልክ ያለው ቀለም ይፈልጉ። የካንዴላ ቀዳዳዎችን፣ የጓርኒሲዮን መቀመጫዎችንና ካርቡራተሩን ይሸፍኑ፤ የታጠበ ብረት በሰዓታት ውስጥ ስለሚዝግ ፕራይመሩን በዚያው ዕለት ይርጩ። ቀለሙ በስሱ፣ በተደጋጋሚ ይረጭ፤ የተቀረጹት ቁጥሮች በወፍራም ቀለም እንዳይደፈኑ ይጠንቀቁ።

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ለምናያቸው ቮልሶች ይህ ሁሉ አይሠራም። የቮልስ ሞተር አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራና ሳይቀባ የሚወጣ ሲሆን፣ የሚቀባው ዙሪያውን ያለው የአየር መምሪያ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ጥቁር ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር በመሆኑ፣ ወፍራም ቀለም ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግደዋል። ስለዚህ አካሉን አጽድተው ይተዉት፤ ቆርቆሮውን ብቻ ፈትተው ይቀቡ።