ዋይፋይህን ማን እየተጠቀመ ነው?

ድሬ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ሁሉ ደጅ ነው፣ ዋይፋይህም አጥር ተሻግሮ ይወጣል። ኢንተርኔቱ ያለወትሮው ከተንቀራፈፈ ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሳጥን፣ ራውተሩን እየው።

በዋይፋዩ ላይ ሆነህ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለህ ሞክር፤ ካልከፈተ ትክክለኛው አድራሻ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል። የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ፈልግ። የማታውቀው ስም ስላየህ ጎረቤት አትጠርጥር፣ ቴሌቪዥኑም ይቆጠራል፣ የዛሬ ስልኮች ደግሞ የማክ አድራሻቸውን፣ ማለትም ዕቃው በዋይፋይ ላይ የሚታወቅበትን መለያ ቁጥር፣ ስለሚደብቁ የራስህ ስልክ ራሱ እንግዳ ሊመስልህ ይችላል። ዝርዝሩን ከምታይበት በቀር የቤቱን ዕቃ ሁሉ ከዋይፋይ አውጣና ዝርዝሩን አድሰህ የቀረውን ተመልከት።

ባለቤት ያጣ ካለ ብሎክ ማድረጉ ብዙም አይረባም፣ አድራሻ ቀይሮ ይመለሳል። ፓስወርዱን ቀይር፣ ደብሊው ፒ ኤስ (WPS) የሚለውን፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን፣ አጥፋ፣ የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድም መቀየር አትርሳ። ጎረቤትን እምቢ ማለት ከከበደህ ራውተርህ ካለው የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻው ክፈትለት።