የሽጉጥ ማህደር በእጅ ለመስራት ለምትጀምሩ

መጀመሪያ ቆዳው ላይ አትሸወዱ፣ የጃኬት ለስላሳ ቆዳ ቅርፅ አይዝም፣ በእፅዋት የለፋ 3 ሚሊሜትር አካባቢ የሚወፍር ፈልጉ። ፓተርኑን (ቆዳው የሚቆረጥበትን ንድፍ) በካርቶን ስሩ። እኔ የመጀመሪያዬን በሽጉጡ ዙሪያ ብቻ አስምሬ ውፍረቱን ረሳሁትና ሁለት ቀን ሙሉ የሰፋሁት ማህደር ሽጉጡ አልገባበት አለ፣ ስለዚህ በየጎኑ የሽጉጡን ውፍረት ግማሽ ጨምሩ፣ ለስፌት ደሞ 1 ሴንቲሜትር። ምላጩ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጠርዙን በማስቲሽ አጣብቃችሁ በወስፌ ብሱት፣ ሰም የተቀባ ክር በሁለት መርፌ ከግራም ከቀኝም በአንዱ ቀዳዳ እያሳለፋችሁ ስፉ፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ከዛ በውሃ አርጥባችሁ የፕላስቲክ ሞዴል ሽጉጥ ክተቱበትና (እውነተኛው ይዝጋል) ቅርፁን በጣት እየተጫናችሁ አውጡ፣ ጥላ ውስጥ ይደር። መጀመሪያ ጠበቅ ካለ አትደንግጡ፣ ሲለመድ ይላላል።