«ብርድ ነው» እየተባለ የሚታለፍ የእግር ሕመም

የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። የእግር ደም ስራቸው የጠበበ ሰዎች ብዙ ጊዜ እኛ ጋ የሚደርሱት ጣታቸው ከጠቆረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ስህተት ደግሞ ይመሳሰላል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሕመሙን ለብርድና ለሪህ መስጠት ነው። አንድ ጡረታ የወጡ አባት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ዳገቱ መሃል ላይ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል። ሁልጊዜ አንድ ሱቅ በር ላይ ይቆማሉ፤ ባለሱቁን ሰላም የሚሉ ይመስላሉ። ጥቂት ደቂቃ ሲያርፉ ይለቃቸዋል። ቅባት ሲቀቡ፣ ወጌሻ ዘንድ ሲታሹ ጊዜው ነጎደ። እኛ ጋ ሲመጡ አውራ ጣታቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበር። እባካችሁ! ስትራመዱ የሚይዝ፣ ቆም ስትሉ የሚለቅ፣ ያንኑ ያህል ስትሄዱ የሚመለስ የባት ሕመም ካለ ጡንቻው በቂ ደም እያገኘ ላይሆን ይችላል። የደም ስሩ ግድግዳ ላይ ስብ ተጋግሮ መንገዱን ያጠበዋል። ከወገብ የሚመጣ የነርቭ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ በመቆም ብቻ አይለቅም፤ መቀመጥ ወይም ጎንበስ ማለት ይፈልጋል። ነገሩ የእግር ብቻም አይደለም። እግሩ ላይ የጠበበበት ሰው ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክም የተጋለጠ ነው።

የቀዘቀዘ እግርን በከሰል ወይም በፍል ውሃ አታሙቁ። ስኳር ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሲያቃጥላችሁ አታውቁትም፤ ደም የማይደርሰው ቆዳ ደግሞ ቶሎ አይጠግግም። ወፍራም ካልሲ ይበቃል።

ማታ ጣታችሁን እያቃጠላችሁ፣ እግራችሁን ከአልጋ ስታንጠለጥሉ የሚሻላችሁ ከሆነ በእፎይታው አትታለሉ። በሽታው ገፍቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታዩ።

ሲጋራ እያጨሱ መድኃኒት መዋጥም ልፋትን በዜሮ ማባዛት ነው።

አዲስ ለገባችሁ ነርሶች፦ ወረፋው እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ፤ ግን ጫማና ካልሲ ሳታስወልቁ ማንንም አትሸኙ። ደም ስራቸው ከጠበበ ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ሕመም አይሰማቸውም። የደም ስሩን ትርታ ለማግኘት ሁለት ጣታችሁን የእግሩ ጀርባ (ከጣቶቹ በላይ ያለው ገጽ) ላይ፣ ቀጥሎም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ አሳርፉ። በአውራ ጣት አትፈልጉ፤ የራሳችሁን ትርታ ትቆጥራላችሁ። ካጠራጠራችሁ በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚያሰማ መሣሪያ) ይለካ። የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ለክንዱ የደም ግፊት ሲካፈል 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደም ስሩ ጠቧል። ከ1.40 በላይ ከሆነም «ደህና ነው» አትበሉ፤ ደም ስሩ ደንድኖ አልጨመቅ ብሎ ነው። ስኳር ያለባቸው ላይ ይሄ አዘውትሮ ያጋጥማል።

ሌላው ስህተት ሕመሙን ፈርቶ ቤት መቀመጥ ነው። ቁስል ከሌለና ሐኪም ከፈቀደ ሕመሙ እስኪጠነክር ተራመዱ፣ ቁሙ፣ ሲለቃችሁ ቀጥሉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት ያለማቋረጥ ከተሠራ የምትሄዱት ርቀት ይረዝማል።

እግር ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ካመመና ከደነዘዘ ግን «እስኪነጋ» አይባልም። በሰዓታት ውስጥ እግሩ ሊሞት ስለሚችል በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።