ከአቴንስ ወደ ዴልፊና ወደ ኦሲዮስ ሉካስ ገዳም፦ የአንድ ቀን የግል ጉዞ የሚያበላሹ ስህተቶች

«ሜቴኦራንም በዚያው እንየው»

ከአዲስ አበባም ይምጣ፣ ከዋሽንግተንም፣ ከዱባይም፣ እንግዳው ሁሉ ይህን ይለኛል። ስልኩ ላይ ካርታ ይከፍትና «ይኸው ቅርብ ነው እኮ!» ይላል። ቅርብ አይደለም። ከአቴንስ እስከ ዴልፊ፣ የጥንቱ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ እስካለበት ቦታ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ የሊቫዲያን ከተማ ካለፉ በኋላ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ከዴልፊ እስከ ኦሲዮስ ሉካስ ገዳም ሌላ 35 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከገዳሙ ወደ አቴንስ መመለሻው ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ይህ ብቻውን ከአምስት ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። በዓለት ጫፍ ላይ የተሠሩት ገዳማት ያሉበት ሜቴኦራ ከአቴንስ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል። ከዴልፊ ቢነሡም በተራራ መንገድ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ሦስቱንም በአንድ ቀን ካላየን ብለው ሾፌሩን ያስጨነቁ አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ። ሾፌሩም ገንዘቡን ፈልጎ እሺ አላቸው። ዴልፊ ላይ ቲያትሩ ጋ ሳይደርሱ ከግማሽ መንገድ ተመለሱ፣ ሙዚየሙን አልገቡም፣ ኦሲዮስ ሉካስን ጭራሽ ተዉት፣ ሜቴኦራ ሲደርሱ የገዳማቱ በር ተዘግቷል። እኩለ ሌሊት አልፎ አቴንስ ሲገቡ ልጆቹ እያለቀሱ፣ ባልና ሚስቱ ተኳርፈው ነበር። የከፈሉት ገንዘብ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ አቴንስ ደርሶ የሚመለስበት ነው።

የግል መኪና የሚከራይ ሰው ከአውቶቡስ የሚለየው ሰዓቱ የራሱ በመሆኑ ነው። በአውቶቡስ የመጣውን ጎብኚ «በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተመለሱ» እያሉ ያጣድፉታል፤ እናንተን የሚያጣድፍ የለም። ታዲያ ያንን በውድ የገዛችሁትን ጊዜ አስፋልት ላይ ለምን ትጨርሱታላችሁ? ሁለት ቦታ ይበቃል። ሜቴኦራን የሚፈልግ እዚያው ሥሩ ካላምባካ ከተማ አድሮ በማግሥቱ ረጋ ብሎ ይየው። ገዳማቱም ይህ ክብር ይገባቸዋል።

ዘግይቶ መነሣት

ከአቴንስ የሚነሡት ትልልቅ አውቶቡሶች ዴልፊ የሚደርሱት ረፋድ ላይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣችሁ ትቀድሟቸዋላችሁ፣ ፀሐዩም ገና አልበረታም። በሐምሌና በነሐሴ እኩለ ቀን ላይ እዚያ ድንጋይ ላይ መቆም ለጤነኛም ከባድ ነው፣ ለሽማግሌ ደግሞ አደጋ አለው።

የሰዓት አቆጣጠር

ይህን ስህተት ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ በአንድ መስመር ጽሑፍ የሚቀር ነገር ነውና። ከአገር ቤት የመጡ አንድ ማኅበርተኞች ለግሪካዊው ሾፌር በእንግሊዝኛ «በ1 ሰዓት ና» ብለው ላኩለት፤ እነሱ የጠዋቱን 1 ሰዓት ማለታቸው ነው። እሱ በከሰዓቱ 1፣ ማለትም በእኛ 7 ሰዓት ላይ ከተፍ አለ። ወቅቱ የግሪኮች ክረምት፣ ማለትም ብርዱ የሚበረታበት ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ጊዜ ነበር። በክረምት ዴልፊ የሚዘጋው በእኛ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ቀናቸው በዚያው ቀረ። ሾፌሩም ጥፋት አልነበረበት፣ ገንዘቡን አልመለሰም። ከፈረንጅ ጋር ስትነጋገሩ ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ፦ 06:30፣ 07:00። ከቃል ይልቅ በጽሑፍ ይሁን።

በዓላት

ግሪኮች ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ገናን ከእኛ ጋር የሚያከብሩ የሚመስለው ብዙ ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ገናን የምታከብረው በዲሴምበር 25 ነው፤ 25 እና 26 የጥንት ቦታዎች ሁሉ ዝግ ናቸው። ፋሲካ ግን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል፣ የትንሣኤ እሑድም አይከፈትም። ጃንዋሪ 1፣ ማርች 25 እና ሜይ 1ም እንዲሁ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለፋሲካ ዕረፍት የምትመጡ እህቶች በተለይ ይህን ልብ በሉ፤ ያቺን አጭር ፈቃድ በተዘጋ በር ፊት እንዳታሳልፏት።

ሾፌሩን አስጎብኚ አድርጎ መቁጠር

በግሪክ ሕግ በጥንት ቦታዎችና በሙዚየሞች ውስጥ ማስጎብኘት የሚችለው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ብቻ ነው። ሾፌሩ መኪና ውስጥ የፈለገውን ያህል ሊያወራችሁ ይችላል፣ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። «እኔው አስጎበኛችኋለሁ» ብሎ ተጨማሪ ያስከፈለ ሾፌር በር ላይ በጥበቃ ሲመለስ፣ እንግዶቹም ብቻቸውን ገብተው ድንጋይ ለድንጋይ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። ዴልፊ ያለ ማብራሪያ የፈረሰ ግንብ ክምር ነው የሚመስለው። ስትዋዋሉ «አስጎብኚው ፈቃድ አለው? አብሮን ውስጥ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። አቅም ካልፈቀደ ከዋዜማው ስለ ቦታው አንብባችሁ ኑ።

«ጣዖት ቤት አልገባም»

ይህን የሚሉኝ አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው፤ አነጋገራቸውን አከብራለሁ። መቁጠሪያቸውን ይዘው መኪና ውስጥ የዋሉ አሉ። እውነት ነው፣ ቦታው የአፖሎ ቤተ ጣዖት ነበር። ፒቲያ የምትባለው ሴት እዚያ ተቀምጣ ትንቢት ትናገራለች ተብሎ ነገሥታት ጦር ከማዝመታቸው በፊት መልእክተኛ ይልኩ ነበር። ግን ያ አምልኮ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዘመን ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ክርስቲያኖች እዚያው ኖረዋል፣ ቤተ ክርስቲያንም ሠርተዋል፤ ከአንዱ የተገኘው የወለል ሞዛይክ ዛሬ በሙዚየሙ ደጅ ይታያል። ግሪኮች ፋርሶችን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ድል አድርገው ለአፖሎ ያቆሙትን የእባብ ዓምድ ደግሞ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ወደ ቁስጥንጥንያ አስወስዶታል፤ እስከ ዛሬ ኢስታንቡል ቆሞ አለ።

ከሁሉ በላይ ለእናቶቻችን የምነግራቸው ግን የጋልዮስን ነገር ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ አይሁድ ቅዱስ ጳውሎስን በአካይያ አገረ ገዥ በጋልዮስ ፊት ከሰሱት ይላል። ይኸው ጋልዮስ በስሙ የተጠቀሰበት የንጉሥ ቀላውዴዎስ ደብዳቤ፣ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ የተገኘው ዴልፊ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው በ52 ዓ.ም. አካባቢ እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ ሊቃውንቱ ጳውሎስ ቆሮንቶስ የነበረበትን ዘመን የሚያሰሉት ከእሱ ተነሥተው ነው። አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ ምዕራፉን ከልጃቸው ስልክ አስነብበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመኪና ወረዱ። ቀስ እያሉ ከቤተ መቅደሱ ዓምዶች ድረስ ወጥተዋል።

«ገዳም እኛም አገር ሞልቷል» ብለው ኦሲዮስ ሉካስን መዝለል የሚፈልጉ ወጣቶችም አሉ። እነሱም ያንኑ ያህል ይጎዳሉ።

ሙዚየሙን መተው

ከፍርስራሹ ወርደው «ደክሞናል፣ ይቅር» የሚሉ በጣም ብዙ ናቸው። ሠረገላ ነጂውን ሳያይ ከዴልፊ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። ቁመቱ 1.80 ሜትር ገደማ የሆነ የነሐስ ሐውልት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። የዚያ ዘመን የነሐስ ሥራ አብዛኛው ቀልጦ ሌላ ነገር ተሠርቶበታል፤ ይህኛው ናዳ ውስጥ ተቀብሮ ስለቆየ ተርፎ በ1896 ተገኘ። ጠጋ ብላችሁ ዓይኑን እዩት፣ ሽፋሽፍቱ እንኳ አለ። ግራ እጁ ጠፍቷል፣ ቀኝ እጁ ግን ልጓሙን እንደያዘ ነው። ከዚያ ዝቅ ብላችሁ ባዶ እግሩን ተመልከቱ፤ ጣቶቹ ላይ ጅማቱ ሳይቀር ይታያል። ፀሐዩ ሲበረታ ወደዚህ ግቡ፣ ቀዝቃዛ ነው።

ገዳሙን የወንጌላዊው ሉቃስ ማድረግ

ለቅዱስ ሉቃስ ወንጌላዊ ስለት ይዘው የሚመጡ ምእመናን አጋጥመውኛል። ይህ ገዳም ስሙ ሉቃስ የሆነ የሌላ ጻድቅ ነው፤ በ953 ዓ.ም. ያረፈ የዚያው አካባቢ መናኝ። ቀርጤስ ከዓረቦች እጅ በሮማኖስ ዘመን ነጻ ትወጣለች ብሎ ተንብዮ፣ በ961 በዳግማዊ ሮማኖስ ዘመነ መንግሥት ተፈጸመ ይባላል። ዐፅሙ ለዘመናት ቬኒስ ቆይቶ በ1986 ወደ ገዳሙ ተመልሷል። ወንጌላዊውን ለሚፈልግ ግን መንገዱ ራሱ ይረዳዋል። ሉቃስ ተቀብሮበታል የሚባለው የድንጋይ ሣጥን የሚገኘው ቴብስ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ከተማዋም ከአቴንስ ወደ ዴልፊ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ብዙ አትርቅም። ስለት ካላችሁ ለሾፌሩ ከዋዜማው ንገሩት።

በገዳሙ ውስጥ

መነኮሳት የሚኖሩበት ገዳም ስለሆነ ቁምጣና ክንድ የሚያሳይ ልብስ አይሆንም። ጫማችሁን ማውለቅ አያስፈልግም። የእኛ ሰው በልማዱ በር ላይ አውልቆ ሲያስቀምጥ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ግን ግሪኮች አያወልቁም፣ ወለሉም እብነ በረድ ስለሆነ በጣም ይቀዘቅዛል። ለሻማ የሚሆን ሳንቲም ያዙ።

ቁርባንን በሚመለከት በግልጽ ልናገር። በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን አንድ አይደሉም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ደርሳችሁ ከቆራቢዎች ጋር መሰለፍ እናንተንም ካህኑንም ያስጨንቃል። ቆማችሁ ጸልዩ፣ ሥዕሉን ተሳለሙ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ስህተት ግን ገብቶ ወዲያው መውጣት ነው። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የ11ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው፤ ከአቴንሱ የዳፍኒ ገዳምና ከኪዮስ ደሴቱ የኔያ ሞኒ ገዳም ጋር በ1990 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከደማቅ ፀሐይ ስትገቡ ጨለማ ይመስላችኋል። ስልካችሁን አውጥታችሁ አትሩጡ፤ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ዓይን ሲለምድ ወርቁ ከግድግዳው መውጣት ይጀምራል። ገና በመግቢያው ክፍል ስቅለቱ፣ ትንሣኤው፣ ቶማስ ሲጠራጠር፣ ጌታም የጴጥሮስን እግር ሲያጥብ ታያላችሁ። የጸሎተ ሐሙስን ሕጽበተ እግር እያየ ያደገ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ጉልላቱ ላይ ያለው ክርስቶስ ግን ሞዛይክ ሳይሆን የቀለም ሥዕል ነው፤ የቀድሞው በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቋል።

ጥቃቅን የሚመስሉ

የዴልፊ መንገድ ዳገት ነው፣ ድንጋዩም በብዙ ሺህ እግር ተወልውሎ ያንሸራትታል፤ ነጠላ ጫማና ተረከዝ ያለው ጫማ ሆቴል ይቅር። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ቤተ መቅደሱን አይተው ይመለሱ፣ ስታዲየሙ ከሁሉ በላይ ጫፍ ላይ ነው ያለው። መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ከሊቫዲያ በፊት ወደ ፊት ወንበር ይዛወር።

ምሳ ዴልፊ አጠገብ ባለችው በአራሆቫ ከተማ ይሁን። ጾም ከሆነ «ኒስቲሲሞ» (የጾም ምግብ) በሏቸው፣ ይገባቸዋል፤ ነገር ግን በግሪኮች ጾም ኦክቶፐስና ስኩዊድ ይፈቀዳል፣ እሱን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። የማትበሉ ከሆነ አስቀድማችሁ «አትክልትና ባቄላ ብቻ» በሉ። በክረምት እዚያ በረዶ ይጥላል፤ ሾፌሩ የጎማ ሰንሰለት መያዙን ጠይቁት።

ወደ ገዳሙ ስትታጠፉ በዲስቶሞ ከተማ ታልፋላችሁ። በጁን 10፣ 1944 የጀርመን ወታደሮች በዚህች ከተማ ከ200 በላይ ሰላማዊ ሰዎችን ጨፍጭፈዋል፤ ሕፃናትም ነበሩበት። የየካቲት 12ን ታሪክ እየሰማን ያደግን ሰዎች በመስኮት አይተን ልናልፈው አይገባም። መታሰቢያው ጋ አሥር ደቂቃ ቁሙ።

ገዳሙ ስትደርሱ ደግሞ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለውን ምድር ቤት አትርሱ። የቅድስት ባርባራ ነው፣ የጻድቁም መቃብር እዚያ ነው፤ ግድግዳውና ጣሪያው የ11ኛው መቶ ዘመን ሥዕል ነው። መግቢያው በውጭ በኩል ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሳያየው ይመለሳል። ብዙ የግሪክ ገዳማት እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓት ስለሚዘጉ የዕለቱን ሰዓት በስልክ አረጋግጡ፤ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ምድር ቤቱን አስቀድሙ።