ተሳቢ ቤት ይዞ በድሬ ዳዋና በሐረር መካከል መኖር

ድሬ ዳዋ ላይ ተሳቢ ቤት፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት መኖሪያ፣ የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አየር ማቀዝቀዣ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ማቀዝቀዣው ደንገጎ፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት፣ ነው። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ጥቂት ነው፣ የሙቀቱ ልዩነት ግን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ይደርሳል። ትንሹ የ220 ቮልት ማቀዝቀዣ እንኳ መካከለኛ ባትሪን በጥቂት ሰዓት ባዶ ያደርጋል። ጎማ ያለው ቤት ይዞ በግንቦት ድሬ ዳዋ ሳቢያን ሰፈር ላይ መጠበስ ለምን ያስፈልጋል? ከሚያዝያ እስከ መስከረም ላይ ሐረር፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ታች ድሬ። ከዚህ በኋላ ያለው ዝርዝር ሁሉ ይህን አሳብ የተከተለ ነው።

ቤቱን ማሠራት

ተዘጋጅቶ የመጣ ካራቫን አገር ውስጥ ማግኘት ከባድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚያሠራው በብረታ ብረት ቤት ነው። ለሁለት ሰው 4 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር ይበቃል። ከዚያ የረዘመ ሐረር ላይ መዞሪያ ያሳጣል፤ ጀጎል ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ሻንሲው ከአርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት አራት ማዕዘን) ብረት ይሠራል፤ ግድግዳና ጣሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንድዊች ፓኔል ቢሆን ጥሩ ነው። ቆርቆሮ ላይ ኮምፔንሳቶ መለጠፍ ይረክሳል፤ ግን ቀን ይፋጃል፣ ሌሊት ሐረር ላይ ከውስጥ ያልበዋል፣ ያ ላብ ኮምፔንሳቶውን ያበሰብሰዋል።

ጣሪያው ነጭ ይቀባ። ከበላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሌላ ጥላ ይኑረው፤ የሶላር ፓኔሎቹ ራሳቸው ይህን ሥራ ይሠራሉ። መስኮት በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ትይዩ ይውጣ፤ ነፋስ የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም ያስፈልገዋል። ሁሉም ላይ የወባ ትንኝ መረብ ይግባ።

ሚዛን

ዕቃና ውኃ ከተጫነ በኋላ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ተሳቢው 1200 ኪሎ ከሆነ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ማለት ነው። ለመለካት የእህል ነጋዴ ባስኩላ ይበቃል፤ የተሳቢውን አፍንጫ በሚጎተትበት ከፍታ ልክ በግንድ ደግፋችሁ ባስኩላው ላይ አሳርፉት። አፍንጫው ከቀለለ ተሳቢው 60 እና 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ጭራውን ማወዛወዝ ይጀምራል። ከከበደ ደግሞ የመኪናው የኋላ ባሌስትራ ይተኛል፣ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አይታዘዝም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውኃው ነው። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው። ታንከሩ ከኋላ ከተሰቀለ ሚዛኑ በሞላና በጎደለ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ቦታው አክሱሉ ላይ ወይም ትንሽ ወደፊት ነው። መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም አትታገሉ። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ተሳቢው ለብቻው የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው እሱን ብቻ በእጅ ያዙት።

ደንገጎ

ስትወጡ የሚፈተነው ሞተሩ ነው፣ ስትወርዱ ፍሬኑ። ፍሬን የሌለው ተሳቢ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይህን ቁልቁለት ባይወርድ ይሻላል።

ወደ ላይ ስትሄዱ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ከድሬ ውጡ። የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ቦታ ማለፍ ከጀመረ የመኪናውን ኤሲ አጥፉ፣ ማርሽ ቀንሱ፤ ካልተመለሰ ዳር ያዙና ሞተሩን ሳታጠፉ በዝግታ እየዞረ ይብረድ። የራዲያተር ክዳን በሙቀቱ አይከፈትም።

ወደ ታች ስትወርዱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቁሙ። ሰንሰለቶቹ በመስቀል መታሰራቸውን፣ የመንጠቆው ቁልፍ መግባቱን፣ መብራቶቹን እዩ። ከዚያ ሽቅብ ብትወጡት ኖሮ በምትይዙት ማርሽ፣ ካስፈለገም አንድ ዝቅ ባለ፣ ውረዱ። ፍሬን ላይ እግር አስቀምጦ መውረድ ሸራውን ያቃጥለዋል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። የምትፈልጉትን ፍጥነት ለራሳችሁ ወስኑ፤ ከዚያ ሲያልፍ አጥብቃችሁ ርገጡና በ10 ኪሎ ሜትር ያህል አውርዱት፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ ይንፈስ፣ እንደገና። ቁልቁለቱ መካከል ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ረግጦ መንሳፈፍ የለም።

ከታች ሜዳው ላይ ስትደርሱ የእጅ ፍሬን ሳትስቡ፣ ጎማ ላይ ድንጋይ አድርጋችሁ ቁሙ። የእጃችሁን ጀርባ ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሃል አስጠጉ። ሁሉም እኩል ከሞቁ ጤና ነው። አንዱ ብቻ ከፋጀ ወይ ፍሬኑ ተጣብቋል ወይ የኩሽኔታው ግራሶ አልቋል፤ በክሪክ አንስታችሁ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። የሚከብድ ከሆነ ፍሬኑ ነው፣ የሚንኳኳ ወይም የሚያንገጫግጭ ከሆነ ኩሽኔታው። የተሳቢው ሁለቱም ጎማ ቀዝቃዛ ሆኖ የመኪናው ብቻ ከሞቀ የተሳቢው ፍሬን እየሠራ አይደለም፤ ቤቱን በሙሉ ይዞ የወረደው መኪናው ብቻውን ነው ማለት ነው። በጋለ ድራም ላይ ውኃ አይፈስም፤ ይሰነጠቃል።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። በዋዜማውና በማግስቱም ጭምር መንገዱ ተሳቢ የሚጎተትበት አይደለም። አወዳይ አካባቢ የጫት መኪና ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፤ እሱ ሰዓት አለበት፣ እናንተ የላችሁም።

የት ይቆማል?

መንገድ ዳር ማደር ዝርፊያን ብቻ ሳይሆን ከማያልቅ ጥያቄም ጋር መጋፈጥ ነው። የሚሻለው ግቢ ነው፤ ሰፊ ግቢ ያለው ሆቴል፣ የከባድ መኪና ማደሪያ ወይም ግቢውን የሚያከራይ ሰው። ዋጋውን በወር ተነጋገሩ፣ ውኃ፣ መብራትና ሽንት ቤት በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውንም በግልጽ። የዘበኛውን ነገር ከባለቤቱ ጋር ብቻ አትጨርሱ፤ በሌሊት በር የሚከፍተው እሱ ነው። ድሬ ላይ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ በጠዋት ሂዱ፤ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ከተማው ጥላ ውስጥ ነው፣ ያኔ በር ብታንኳኩ የምትሰሙት «አቦ አታካብዱ» ነው።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ አትቁሙ። ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ ሰፊ፣ ለጥ ያለና ነፃ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ ተራራው ላይ ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ውኃው ሊደርስ ይችላል፤ ሰማይ አይቶ መተኛት አያዋጣም።

ሐረር ዙሪያ ያለው ችግር ብርድ ነው። ሐረማያ ሜዳ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ዝቅታው እየወረደ ስለሚተኛ ከሐረር ይብሳል፤ በዚያ ወቅት ማደር ካለባችሁ ተዳፋቱ ላይ ቁሙ። የሐረር ጅብ ሰው ለምዷል፣ የቆሻሻ ከረጢትም ለምዷል፤ ውጭ የቀረ ቀርቷል።

ውኃ

ለሁለት ሰው በቀን 40 ሊትር ያዙ፣ ቆጥቦ ለሚታጠብ 30። 100 ሊትር ታንከርና አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ካሉ ውኃ በፈረቃ ቢመጣም ከአራት ቀን በላይ ያቆያል። አዲስ ታንከር፣ ወይም ወር የቆመ፣ እንዲህ ይታጠባል፦ ለ100 ሊትር ውኃ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው ሽታ አልባ በረኪና 100 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ በየቧንቧው ሽታው እስኪመጣ ክፈቱ፣ ዘግታችሁ ቢያንስ 4 ሰዓት አቆዩ፣ ሁሉንም ድፉና ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ አጥቡ። ይህ መጠን የማጠቢያ እንጂ የሚጠጣ አይደለም።

የድሬ ውኃ ኖራ ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት በፓምፑ ማጣሪያና በሻወሩ ቀዳዳም አለ። ፓምፑ እየጮኸ ውኃው ከቀጠነ መጀመሪያ ማጣሪያውን ፍቱ፤ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ውኃ አሳድሩት።

ታንከሩም ጀሪካኑም ምንጊዜም ይከደን፤ የአየር መውጫው ላይ መረብ ይታሰር። ድሬ ዳዋ ላይ በ2014 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ ከተገኙት አስተላላፊዎች ዋናዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነበረች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ሰው ያጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። ክዳን የሌለው በርሜል ከአልጋችሁ ሥር ማስቀመጥ እሷን መቀለብ ነው።

መብራት

ሒሳቡ ከፍላጎት ይጀምራል። ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ትንሽ ፍሪጅ ሐረር ላይ በቀን 30 አምፒር ሰዓት ያህል፣ ድሬ ላይ 50 ይበላል። ማራገቢያ ለ10 ሰዓት 20፣ መብራት፣ ስልክና ላፕቶፕ 15። ድምሩ ድሬ ላይ 85፣ ማለትም 1000 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የ300 ዋት ፓኔል በ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ፣ የሙቀቱና የአቧራው ኪሳራ ተቀንሶ፣ ይህንኑ ያህል ይሰጣል። አቧራው ቀልድ አይደለም፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ፓኔሉ ሳይግል ማለዳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ባትሪው ሊቲየም ከሆነ 100 አምፒር ሰዓት ለአንድ ሌሊት ተርፎት ያድራል። አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት 200 ይፈልጋል። የትኛውም ቢሆን ውጭ በብረት ሣጥን አይቀመጥ፤ አብዛኛው ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ የአሲዱ ዕድሜ ደግሞ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያጥራል። ከአዎንታዊው ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ።

የእንጀራ ምጣድ በኢንቨርተር የሚሞክር ሰው አይጠፋም። ምጣዱ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል፤ በ12 ቮልት ከ250 አምፒር በላይ ማለት ነው። እንጀራ ይገዛል። ድሬ ላይ ቶሎ ስለሚሻግት የሁለት ቀን ብቻ ግዙ፣ ለቀሪው ድርቆሽና በሶ ይኑር።

ከግቢው መብራት ስትቀጥሉ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል ተጠቀሙ፣ ጥቅሉን ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ እንደተጠቀለለ ምድጃ ከተሰካበት ይቀልጣል። ሻንሲው ከመሬት ገመዱ ጋር ይታሰር። ገላው ሲነካ የሚነዝር ተሳቢ የመሬት ገመድ የሌለው ነው፤ ወዲያው ንቀሉት።

ምግብና ሽንት ቤት

ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ ከውጭ ብቻ የሚከፈት፣ ከታች ቀዳዳ ያለው ሣጥን ውስጥ ቆሞ ይታሰር፤ ፀሐይ አይምታው። መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ፣ ምክንያቱም መንገዱ ብሎን ያላላል።

ከሰል ውጭ ነው፣ ለቡናም ቢሆን። ሐረር ላይ ሲበርድ ማንደጃውን «ለደቂቃ» ማስገባት ያጓጓል። በዚህ መጠን ባለ ክፍል ውስጥ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር እንኳ መውጣቱን አያቆምም። ለብርዱ ጋቢና ትኩስ ውኃ የሞላ ጠርሙስ።

ለሽንት ቤት ቀላሉ ደረቁ ነው። ሽንት በፊት በኩል ለብቻው ወደ ጀሪካን ይሄዳል፣ ዓይነ ምድሩ ክዳኑ አጥብቆ የሚገጥም ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ እስኪሸፈን ሰጋቱራ ይነሰነሳል። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በጆንያ ይገኛል። የሚሸተው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው፤ ሽታ ከመጣ ሰጋቱራ ከመጨመር በፊት መለያያውን እዩ። ባልዲው ግቢው ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል፤ ይህንንም ከኪራዩ ጋር አብራችሁ ተነጋገሩ።

ጎማ

ንፋሱን ማለዳ፣ ከመንቀሳቀስ በፊት ለኩ። ቀን መንገድ ላይ ከፍ ብሎ ስታገኙት አታስተንፍሱት፤ ሲበርድ ይጎድላል፣ የጎደለ ጎማ ደግሞ በጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ የሚፈነዳውም ያኔ ነው። የተሳቢ ጎማ ብዙ ስለማይጓዝ ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይ ይደርቃል። ጎኑ ላይ በተፃፈው መለያ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፦ 3219 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው፣ ወይም ጎኑ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ፣ አዲስ ቢመስልም ደንገጎን አታውርዱት። ስትቆሙ በጆንያ ወይም በእንጨት ከልሉት፤ በየሳምንቱም ጎማው ሩብ ዙር እንዲዞር ተሳቢውን ትንሽ ግፉት።