ከባንድ ወጥቶ ለብቻ መዝፈን፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

"ባንዱን ትቼ ለብቻዬ ልሠራ ነው" የሚል ወጣት ሁሉ እንግሊዛዊውን ዘፋኝ ሮቢ ዊሊያምስን ይጠቅስልኛል። የሚያውቁት ግን የታሪኩን መጨረሻ ነው፤ በ2003 በእንግሊዝ፣ ነብዎርዝ በሚባል ቦታ በ3 ምሽት 375 ሺህ ሰው የታደመበትን ኮንሰርት። (ዓመታቱ የፈረንጆች ናቸው።) መጀመሪያው እንዲህ አያምርም።

ውል ሳያነቡ መውጣት። ሮቢ በ1995 ከባንዱ ከቴክ ዛት ከወጣ በኋላ ማኔጀሩ "ኮሚሽኔን" ብሎ ከሰሰው። ፍርድ ቤቱም ለማኔጀሩ ፈረደ። ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ጠበቃ አናግሩ።

በሰው ዘፈን መጀመር። የሮቢ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ የጆርጅ ማይክል "ፍሪደም" ነበር። በእንግሊዝ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። ሮቢ ማን እንደሆነ ግን ከዚያ ዘፈን ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ግጥም እኔ፣ ዜማ እኔ፣ ቅንብር እኔ! ኧረ ተው! ባንዱ ውስጥ ሳለህ ዜማውን ማን ይሠራ ነበር? ስጠይቅ ዝም ይላሉ። በቴክ ዛት አብዛኛውን የሚደርሰው የባንዱ አባል ጋሪ ባርሎው ነበር። ሮቢ ሲወጣ ድምፅና ድፍረት እንጂ ዜማ ሠሪ አልነበረውም። ዜማ ደራሲውን ጋይ ቻምበርስን ሲያገኝ ነው ነገሩ የተለወጠው። እስከ 2002 አብረው ሠሩ፤ ዛሬ ሰው በቃሉ የሚያዜማቸው አብዛኞቹ ዘፈኖቹ የሁለቱ ናቸው። ስምህ ፖስተሩ ላይ ብቻውን ስለተጻፈ ሥራውም የአንድ ሰው ይሁን ያለህ የለም። ክፍያው ቢከፈል ይከፈል እንጂ አጋር ፈልግ!

አልበም ሲቀዘቅዝ መደናገጥ። የሮቢ የመጀመሪያ አልበም በ1997 መስከረም ወጥቶ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። ታኅሣሥ ላይ "ኤንጅልስ" ተለቀቀ። ይህ ዘፈን በእንግሊዝ ከ4ኛ ደረጃ አላለፈም፤ አልበሙን ግን በ1998 አንደኛ አደረገው። የእኛዎቹ በሁለተኛው ወር አልበሙን ረስተው ሌላ ይጀምራሉ።

ባንዱ ውስጥ አንደኛ የነበረ ውጭም አንደኛ ይሆናል ብሎ መተማመን። ከቴክ ዛት ለብቻው ይሳካለታል ብሎ ሁሉም የጠበቀው ጋሪን ነበር። የመጀመሪያ አልበሙ አንደኛ ወጣ፤ በ1999 የወጣው ሁለተኛው ወደቀ፤ የሙዚቃ ኩባንያውም አሰናበተው።

የቀድሞ ጓደኞችን በየሚዲያው መሳደብ። ሮቢ ጋሪን ለዓመታት ሲወርፈው ኖረ። በ2010 ግን ወደ ቴክ ዛት ተመልሶ አብሯቸው ዘፈነ፤ አልበማቸውም በመጀመሪያው ሳምንት በእንግሊዝ ከ500 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። የእናንተ ጓደኞች እንደ ጋሪ ቻይ ይሁኑ አይሁኑ ግን እኔ ዋስ አልሆንም።