ሱቁ ደሴ፣ እኔ ዱባይ፦ የውክልናው ጣጣ እንዴት ተፈታ

ዱባይ ሆኜ ደሴ ያለውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቄን ማንቀሳቀስ ብዙም አልከበደኝም። የሰዓት ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው፣ ትእዛዙን በስልክ እጨርሳለሁ። ያስቸገረኝ ፊርማ ነው።

ሱቁን የያዘችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። ባንክ ስትሄድ ውክልናዋን አገላብጠው አይተው መለሷት። ወረቀቱ «ንብረቴን እንድታስተዳድር» ይላል እንጂ ገንዘብ ታውጣ አይልም። የባቲ ሰኞ ገበያ ደርሶ እጇ ላይ ብር የለም። «አብሽር ወንድሜ» ትለኛለች፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ነገሩ ከሕጉ ይመጣል። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ቤት መሸጥ ወይም ፍርድ ቤት መክሰስ በ2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። የኛ ባንክ ደግሞ ገንዘብ ማውጣትም በግልጽ ይጻፍ አለ።

እዚሁ ዱባይ ወደ ኢትዮጵያ ቆንስላ ሄድኩና አዲስ ውክልና ፈረምኩ። «በስሜ ካለው ሂሳብ ገንዘብ ገቢና ወጪ እንድታደርግ፣ ቼክ እንድትፈርም፣ ንግድ ፈቃድ እንድታሳድስ፣ ግብር አሳውቃ እንድትከፍል፣ ጠበቃ ወክላ እንድትከራከር» እያልኩ አንድ በአንድ አስጻፍኩ። ዋናውን ወረቀት በሰው ላክሁ። አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተሙን አረጋገጠ፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ተመዘገበ፣ ባንኩም ያለ ጭቅጭቅ ተቀበለ።

ገና ያልወጣችሁ እባካችሁ ይህን አገር ቤት እያላችሁ ጨርሱት፣ በጣም ይቀላል። ረቂቁንም ከመፈረማችሁ በፊት ለባንካችሁ አሳዩት።